ዳክዬ የዶሮ ዘመድ ነው እንዴ? ቦዬ ላይ ለተያዘ ውርርድ ዳኛ ፈልጌ ነው

አራዳው_ዘጅማ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዳኛ ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ ነገሩ ጥብስ አለበት።

ባለፈው እሁድ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ቦዬ ወርደን ነበር። ለማታውቁት፣ ቦዬ ከጅማ የአዲስ አበባን መንገድ ይዛችሁ ትንሽ ወጣ ስትሉ የምታገኙት ረግረግ ነው። ጉማሬም አለው፤ ወፍ ደግሞ እንደ ጉድ ነው። ልጁ ባዮሎጂ እየተማረ ነው። ከተማረ ወዲህ ከእሱ ጋር ሽርሽር መውጣት ፈተና ሆኗል፤ አንድ ነገር ባየህ ቁጥር ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ሳይነግርህ አያሳልፍህም።

ውሃው ላይ ዳክዬዎች ነበሩ። ከእነሱ ራቅ ብላ አንዲት ቡጢ የምታህል ቡናማ ወፍ፣ ጭራ የሚባል ነገር ያልፈጠረባት፣ ብቻዋን ትዋኛለች። "ይቺ ጫጩት እናቷ የት ሄዳ ነው?" አልኩ። ሳቀብኝ። ጫጩት አይደለችም፣ አድጋ ጨርሳለች፣ ዳክዬም አይደለችም፣ ግሪብ የምትባል ጠላቂ ወፍ ናት አለኝ። ይህን ስንባባል ጥልቅ ብላ ጠፋች። 20 ድረስ ቆጠርኩ። ወጣች፤ ግን ከገባችበት ሳይሆን ወዲያ ማዶ ከሸምበቆው ሥር።

ከዚያ ጉዱ ጀመረ። ይህች ወፍ በሕይወት ካሉ ወፎች ሁሉ የቅርብ ዘመዷ ፍላሚንጎ ነው አለኝ። ፍላሚንጎ! ያ አብያታ ሄደን ያየነው፣ እግሩ የማያልቀው ሮዝ ወፍ! ዝም ስለው ጊዜ ባሰበት። ዳክዬ ከፔሊካን ይልቅ የሚቀርበው ለዶሮ ነው አለ። ዝዋይ ዓሣ አጥማጆቹን ከቦ የሚውለው ፔሊካን ደግሞ ከዳክዬ ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ዘመዶቹ እነዚያ እግረ ረጃጅሞቹ ናቸው አለ። ሦስቱንም ባንድ ትንፋሽ።

እኔ የማውቀው ቀላል ነው። ይዋኛል፣ ጣቶቹ በቆዳ ተያይዘዋል፣ ላባው ውሃ አያስገባም። በቃ፣ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ዶሮ ውሃ ውስጥ ጣላትና ምን እንደምትሆን እይ። እናታችን ደግሞ ከሁላችንም ትቀላለች፤ እግሩ የረዘመውን ሁሉ ሽመላ ብላ ትገላገላለች።

ተወራረድን። ሙሉ ጥብስ፣ ከነለስላሳው። አሁን ማን ይክፈል?

ሸክላ_ድስት፦

ከፍለህ አርፈህ ተቀመጥ። ባዮሎጂ ከሚማር ሰው ጋር በወፍ የሚወራረድ ሰው ከመጀመሪያውም ብር ተርፎታል ማለት ነው።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ዳክዬ የዶሮ ዘመድ ከሆነ ለበዓል ዳክዬ ወጥ ብንሠራ 12 ብልት ይወጣዋል?

የቢኖክላር_አንጋች፦

አራዳው፣ ተሸንፈሃል። ግን በምን እንደተሸነፍክ ማወቅ አለብህ፤ ብር አውጥቶ ያልገባው ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚከስረው። ወፍ ሊያዩ ከሚመጡ ሰዎች ጋር ዓመታት ዞሬአለሁ፤ ይህ ጥያቄ ገና ከመኪና ሳንወርድ ነው የሚነሳው።

ክረምት ላይ መርካቶ ሂድ፣ የራሳችን መርካቶ ማለቴ ነው። ሁሉም ሰው ቦቲ አድርጓል። ወንድማማቾች ናቸው? ያመሳሰላቸው ጭቃው ነው። ውሃም ወፎች ላይ የሚያደርገው ይኸው ነው። ዘር ማንዘራቸው የማይገናኝ ወፎች ውሃ ውስጥ ኑሮ ሲጀምሩ፣ ለመቅዘፍ የሚመች እግር የነበራቸው እየተረፉ፣ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ ሁሉም ቦቲ አድርገው ታገኛቸዋለህ።

ቦቲው ራሱ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ይህን አብዛኛው ሰው ቀርቦ ስለማያይ ነው የሚያልፈው። የዳክዬን እግር ገልብጠህ ብታየው የተያያዙት ሦስቱ የፊት ጣቶች ብቻ ናቸው፤ የኋላዋ ትንሿ ጣት ብቻዋን ተንጠልጥላ ቀርታለች። የፔሊካን ግን አራቱም፣ የኋላዋ ጭምር፣ በአንድ ቆዳ ተጠቅልለዋል። ያቺ ጫጩት ያልካት ደግሞ ጣቶቿ እርስ በርስ አልተያያዙም፤ እያንዳንዷ ጣት ለብቻዋ ግራና ቀኝ ሰፍታ ቅጠል መስላለች። እግሮቿም ወደ ኋላ፣ ቂጧ ሥር ነው የተተከሉት። ለዚህ ነው ውሃ ውስጥ እንደ ጥይት የምትሄደውና የብስ ላይ ስትወጣ የምትደነቃቀፈው። ሦስት የተለያየ ሱቅ የተገዛ ቦቲ ነው።

በዚህ የተሸወድከው ደግሞ አንተ ብቻ አይደለህም። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 እንስሳትን ሲመድብ ዳክዬውን፣ ፔሊካኑን፣ የባሕር ወፉን፣ ያቺን ጠላቂ ወፍ ሳይቀር በእግራቸው አይቶ አንድ ጎተራ ውስጥ ከቷቸዋል። እግረ ረጃጅሞቹን ሌላ ጎተራ ሰጣቸው። እናትህን ደግሞ ሰላም በልልኝ፤ ሽመላውን፣ ክሬን የሚባለውን እግረ ረጅም ወፍና ሳቢሳውን ሊኒየስም በአንድ የወገን ስም ነው የጠራቸው። ጥሩ ወዳጅ አላቸው።

አሁን አንድ በአንድ። ዳክዬና ዶሮ እውነት ነው። ዳክዬ፣ ዝይ፣ ዶሮ፣ ቆቅ፣ ጅግራ፣ ሁሉም ከሌሎቹ ወፎች ቀድሞ ከተለየ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ናቸው። ከሰጎንና ከሰጎን መሰሎቹ በስተቀር ሌላው ወፍ በሙሉ፣ ፔሊካኑም ቁራውም ድንቢጧም፣ ወዲያኛው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ፔሊካን ከዳክዬ ይልቅ ለድንቢጥ ይቀርባል። ይህን ለወንድምህ እንዳትነግረው፣ ሌላ ጥብስ ያስከፍልሃል። ቤልጅየም ውስጥ የተገኘና እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነ ቅሪተ አካል አለ፤ 66.7 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የራስ ቅል ነው፤ ከፊቱ ዶሮ ከኋላው ዳክዬ ይመስላል። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ድንቅ ዶሮ የሚል ቅጽል አወጡለት።

ፔሊካን ጋ ስንመጣ ነገሩ ይጣፍጣል። ድሮ አራቱ ጣቱ የተያያዘ ሁሉ በአንድ ክፍለ መደብ ተጠቃሎ ነበር። ዲኤንኤ መጣና በተነው። ቀላድ ሲጣል መሬቱ የማን እንደሆነ እንደሚታወቀው ነው የሆነው። ጥቁሩ ዓሣ አጥማጅ ኮርሞራንት ከነዘመዶቹ የራሱን ክፍለ መደብ ያዘ፤ ፔሊካን ወደ ሳቢሳና ወደ ጋጋኖ ሰፈር ገባ። ከሁሉ የሚቀርቡት ሁለቱ ደግሞ ማን ናቸው? አንዱ መንቁሩ የእንጨት ጫማ የሚመስለው ሹቢል ነው። ሌላውን ጅማ ውስጥ በየቀኑ ታየዋለህ፤ ያ ቡናማው፣ ራሱ ከኋላ ሾጥጦ መዶሻ የሚመስለው፣ ቦይ ለቦይ እንቁራሪት የሚለቅመው ሀመርኮፕ። ስሙም በደች መዶሻ ራስ ማለት ነው። ዛፍ ላይ ጭራሮ ከምሮ የሚሠራት ጎጆ ከራሱ ጋር ስትተያይ ቪላ ናት፤ ስፋቷ ከአንድ ሜትር ተኩል ሊበልጥ ይችላል። እንግዲህ እሱ ነው የፔሊካን የቅርብ ዘመድ። የፔሊካን ዓይነት ቦቲ የለውም፣ ከረጢት የለውም፣ ግን ደሙ ነው።

እነዚህ ሁሉ፣ ፔሊካን፣ ሳቢሳ፣ ጋጋኖ፣ ኮርሞራንት፣ ሽመላ፣ የባሕሩ አልባትሮስ፣ ፔንግዊን ሳይቀር፣ በእርግጥም አንድ ቤተሰብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ማየር የሚባል ጀርመናዊ ኤኮርኒቴስ የሚል ስም አወጣላቸው፤ ዋነኞቹ የውሃ ወፎች በለው። ስለዚህ "የውሃ ወፎች ዘመዳማች ናቸው" ያልከው ግማሹ ልክ ነው። የተሳሳትከው ዳክዬውንና ያቺን ጠላቂ በግድ ስትከታቸው ነው። ለዚህ ለስላሳውን እሱ ይክፈል እላለሁ።

አራዳው_ዘጅማ፦

የቢኖክላር አንጋች እግዜር ይስጥልኝ። ሀመርኮፕን አውቀዋለሁ፤ ቤታችን ኋላ ያለው ቦይ ላይ ነው የሚውለው። ፔሊካን ዘመዱ መሆኑን ግን ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ያቺ ጠላቂዋ ግን አልዋጥልህ አለችኝ። ከፍላሚንጎ ጋር ምኗ ይገናኛል? አንዱ ቆሞ አንገቱን ዘቅዝቆ ጭቃ ያጣራል፣ አንዷ ጠልቃ ዓሣ ታሳድዳለች። በመልክ አይደሉም፣ በቀለም አይደሉም፣ በቁመት አይደሉም።

አይታክቴ፦

ይቅርታ ግን እኔ ይህን ዲኤንኤ ነገር ማመን አቁሜአለሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የ48 ወፎች ሙሉ ዘረመል ተነበበ ተብሎ ዓለም ጉድ ሲል አስታውሳለሁ። ያኔ ፍላሚንጎና ያቺ ጠላቂ የእርግብ ዘመድ ናቸው ተባለ። የእርግብ! አሁን ደግሞ ያ ስህተት ነበር ይላሉ። ከ10 ዓመት በኋላ ከግመል ጋር ነው እንዳይሉን እፈራለሁ። አራዳው፣ አትክፈል። ፍርዱ ይግባኝ ላይ ነው በለው።

የቡና_መሬት፦

ልጆቼ፣ ሰላም ናችሁ? ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ አሁን ጅማ ዞን ጎማ ወረዳ ወርጄ ቡናዬን እያየሁ ነው የምውለው። አይታክቴ ያነሳሃት ነገር ጥሩ ናት፣ መልስ ይገባታል።

ቡና ሲያረጅ ጉንደላ እናደርጋለን። ግንዱን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገን እንቆርጠዋለን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከጉቶው ዙሪያ ብዙ ቀንበጥ ባንድ ጊዜ ይፈነዳል። ከ5 ዓመት በኋላ መጥተህ "የትኛው ቀንበጥ ቀድሞ ወጣ?" ብትለኝ እኔ ባለቤቱም ቸገረኝ እልሃለሁ። ሁሉም በአንድ ሰሞን ነው የወጡት፣ ሥራቸውም አንድ ቦታ ነው። ይህ ማለት ግን የትኛው ፍሬ በየትኛው ቅርንጫፍ ላይ እንዳለ አላውቅም ማለት አይደለም። እሱንማ እያየሁ ነው የምለቅመው።

ወፎች ላይ የደረሰው ጉንደላ የዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት ነው። ዛሬ ሜክሲኮ የምንለው አገር ላይ ያ ትልቅ የሰማይ አለት ወደቀ፤ ዳይኖሰሮቹ አለቁ፣ ከወፎችም ብዙው አለቀ። ከተረፉት ጥቂቶች ባጭር ጊዜ፣ አጭር ስል በመሬት ዕድሜ ነው፣ የዛሬዎቹ ትልልቅ ምድቦች አብዛኞቹ ባንድ ላይ ፈነዱ። ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ የሚጨቃጨቁት ጉቶው አጠገብ ያለውን ነው። የቱ ቀንበጥ ከየቱ ቀድሞ ተለየ የሚለውን።

የ2014ቱ ስህተት ራሱ ተገኝቷል እኮ። እ.ኤ.አ. በ2024 የ363 ወፎች ዘረመል ተነጻጽሮ ወጣ። አብሮት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ያ የእርግብ ዝምድና ከየት እንደመጣ አሳየ፤ አንድ ክሮሞሶም ላይ ያለች፣ ከጠቅላላው ዘረመል 2 በመቶ ገደማ የምትሆን ቁራጭ ናት ያሳሳተችው። ሌላው ዘረመል በየትውልዱ ከእናትና ካባት እየተቀላቀለ ሲሄድ ይህቺ ቁራጭ ለብዙ ሚሊዮን ዓመት ሳትቀላቀል ቆይታለች። እሷ ብቻ የምትናገረው ታሪክ የተለየ ነው። 100 ምስክር ተጠርቶ 2ቱ ጮክ ብለው ስለተናገሩ ፍርድ እንደማዛባት በሉት። እኔ ይህን ሳነብ ከደስታዬ ብዛት ቡናዬ ቀዘቀዘ።

አሁን ግን ልብ በሉ። ከእርግብ ጋር አገናኟቸው፣ ከእርግብ ለዩአቸው፣ ፍላሚንጎና ያቺ ጠላቂ እርስ በርሳቸው አልተለያዩም። ሁለቱ ዘመዳማች ናቸው የሚለው በዲኤንኤ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ያኔ ብዙ ሰው አልተዋጠለትም፣ አራዳው እንዳንተ። ከዚያ በ2008 በብዙ ዘረመል ታየ፣ ያው ነው። በ2014 ያው ነው። በ2015 ያው ነው። በ2024ም ያው ነው። ጥንዶቹ ቤት ይቀያይራሉ እንጂ አልተፋቱም። ውርርዱ ስለ ጥንዶቹ ከሆነ ይግባኝ የለውም ማለት ነው።

ምናቸው ይገናኛል ላልከው፣ ላይ ላዩን ብታይ ምንም። ግን አንድ የኮሶ ትል ቤተሰብ አለ፤ የሚኖረው በእነዚያ ጠላቂዎችና በፍላሚንጎ አንጀት ውስጥ ነው። የእንቁላላቸው ቅርፊትም ሁለቱም ጋ ላዩ ኖራ የተቀባ ይመስላል። አጥንታቸውን የመረመሩትም ከዲኤንኤው በኋላ ተመልሰው ሲያዩ፣ ድሮ ያለፏቸው ብዙ መመሳሰሎች አገኙ። ኮሶ የጋራ ያላቸው ሰዎች አንድ ማዕድ በልተዋል ማለት ነው ይል ነበር የድሮ ሰው፤ ወይም እኔ ነኝ ያልኩት።

አይታክቴ፦

ጋሼ እሺ፣ ተቀብያለሁ። ጉንደላዋ ገብታኛለች። ግን 2024 ላይ እነዚያ ዋነኞቹ የውሃ ወፎች ራሳቸው የት ገቡ? እነሱም ቤት ቀየሩ?

የቡና_መሬት፦

ቤተሰቡ አልፈረሰም። ጎረቤቶቹ ናቸው የተቀየሩት። አዲሱ የዝምድና ዛፍ እነ ፔሊካንን፣ እነ ክሬንን፣ እነ ሳንድፓይፐርን የመሳሰሉ የውሃ ዳርቻ ወፎችን፣ ወንጭፊትንና አበባ የሚመጥጡትን ጥቃቅን ሃሚንግበርዶች ሳይቀር አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ይህኛው ግን ጉቶው አጠገብ ያለ ነገር ነውና ይቀየራል ብትለኝ አልጣላህም።

  

የቄራ_ሰፈሯ፦

እኔ የወፍ ሰው አይደለሁም፣ ግን አባኮዳ በየቀኑ ጣሪያዬ ላይ ነው የሚያድረው። አንድ እንግዳ አንዴ "ሲበር አንገቱን ካጠፈ የሳቢሳ ወገን ነው፣ ከዘረጋ ሽመላ ወይም ክሬን ነው" ብሎ አስተማረኝ። ደስ አለኝና ለልጆቼ አስተማርኩ። አባኮዳ ግን ሲበር አንገቱን አጥፎ ነው የሚሄደው። ታዲያ ሳቢሳ ነው? ራሱ መላጣ ስለሆነ ደግሞ ባለቤቴ ጥንብ አንሳ ነው ይላል።

የቢኖክላር_አንጋች፦

እህቴ፣ እንግዳሽ ደንቡን እንጂ ደንብ አፍራሹን አልነገረሽም። አባኮዳ ሽመላ ነው፤ ከሽመላዎቹ መካከል አንገቱን አጥፎ በመብረር የታወቀው እሱ ነው። ያ መንቁር ቀላል አይደለም፣ አንገት ዘርግቶ መሸከሙ ይከብደው ይሆናል፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው።

መላጣነቱ የጥንብ አንሳ ዘመድ አያደርገውም። ሁለቱም ጥንብ ውስጥ አንገታቸውን ይከታሉ፤ ላባ ቢኖራቸው ደም ይደርቅባቸው ነበር። ይኸም ቦቲ ነው በይው። የእኛ አገር ጥንብ አንሳ የንስር ወገን ነው። የሚገርመው ግን የአሜሪካኖቹ ጥንብ አንሳዎች ለተወሰነ ጊዜ ከሽመላ ጋር ተመድበው ነበር፤ ኋላ በዲኤንኤ ወደ ንስሮቹ ጎረቤት ተመለሱ። ስለዚህ ባለቤትሽ ቢያንስ ብቻውን አልተሳሳተም።

ክሬንን ከሽመላ መለየት ከፈለግሽ ጆሮሽን ተጠቀሚ። ክሬን ይጮኻል፣ ከሩቅ ይሰማል። ሽመላ ድምፅ እምብዛም የለውም፤ መንቁሩን ነው የሚያንቀጫቅጨው። ጅማ ዙሪያ ጨፌዎቹ ላይ ያ ራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለው ክሬን አለ። ዘመዶቹ ሽመላዎች አይደሉም፤ እነዚያ ሸምበቆ ውስጥ የሚሹለከለኩት የውሃ ዶሮዎች ናቸው። ቶሎ ሄዳችሁ እዩት ታዲያ፤ ጨፌው በባሕር ዛፍና በጡብ ሥራ እያለቀ ነው።

አራዳው_ዘጅማ፦

እንግዲህ ውጤቱ። ትናንት ከፈልኩ። ለስላሳውን ወንድሜ ከፈለ፤ የቢኖክላር አንጋችን ፍርድ ስልኬ ላይ አሳይቼው ነው፣ አጉረመረመ ግን ከፈለ።

ከጥብሱ በፊት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተመልሰን ቦዬ ወርደን ነበር። ጭጋጉ ገና አልተነሳም። ያቺ ጠላቂ እዚያው ሸምበቆ አጠገብ ናት። ጀርባዋ ላይ ላባዋ ከፍ ከፍ ብሏል፤ መጀመሪያ ነፋስ መሰለኝ። ከዚያ ከላባው ውስጥ አንዲት ጥቁርና ነጭ መስመር መስመር የሆነች ጭንቅላት ብቅ አለች። ከዚያ ሁለተኛዋ። ልጆቿን አዝላ ነው የምትዋኘው። ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላለም።

በስልክ አነሳኋት፣ ጥርት ያለ አይደለም። ቤት ስንገባ ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ጠጋ ብላ አየችና፣

"ውይ! ይቺ ጫጩት ደግሞ የማንን ልጅ አዝላ ነው?"